ላንጋኖ ላይ 10 ሜትር ስንት ነው?

«አየሩ ክፍት፣ ሐይቁ ሰፊ! ታዲያ የእኔ ሲጋራ ማንን ነካ?»

ላንጋኖ ዳር ቅዳሜና እሁድን ያሳለፈ ሰው ይህችን ክርክር ሳይሰማ አይመለስም። እሳቱ ተለኩሷል፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ስፒከሩ ይጮኻል። አንዱ ከኪሱ ላይተር ሲያወጣ አጠገቡ ያለችው ፊቷን ታዞራለች። «እዚህም ልትከለክሉን ነው እንዴ?» ይላል እሱ። «እኔ እኮ ንጹሕ አየር ፍለጋ 200 ኪሎ ሜትር መጥቼ ነው!» ትላለች እሷ። ትንሽ ይጨቃጨቃሉ፣ ዘፈኑ ሲቀየር ነገሩ ይረሳል።

የሚገርመው፣ ሁለቱም የሚከራከሩት ሕጉ ብዙም ስለማያገባበት ቦታ ነው። ሕጉ ዓይኑን የጣለው ከኋላቸው ባለው በረንዳና ባር ላይ ነው። እዚያ ደግሞ የሚከራከር የለም፤ ዝም ብሎ ይጨሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅን አጸደቀ፤ ቁጥሩ 1112/2011። ስሙን ለሰማ ስለ ክኒንና ስለ ዘይት ብቻ የሚያወራ ይመስላል። ውስጡ ግን በአፍሪካ ጠንካራ ከሚባሉት የትምባሆ ሕጎች አንዱ አለ። ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ፣ በሥራ ቦታ ውስጥና በሕዝብ ማመላለሻ ማጨስ ክልክል ነው። «የአጫሾች ክፍል» ብሎ ጥግ መከለልም አይቻልም። ሺሻና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተከልክለዋል። ማስታወቂያና ስፖንሰርነት የለም። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥ አይፈቀድም። እና ያቺ ቁጥር፦ ከበር፣ ከመስኮትና ከአየር ማስገቢያ በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ማጨስ አይቻልም።

10 ሜትር ማለት በአዋቂ ሰው አረማመድ 13 እርምጃ ገደማ ነው። ላንጋኖ ላይ ቆማችሁ ቁጠሩት። ከምግብ አዳራሹ በር ተነስታችሁ 13 ስትሉ በረንዳውን አልፋችሁ፣ ደረጃውን ወርዳችሁ አሸዋው ላይ ናችሁ። በሌላ አነጋገር፣ ሐይቁን እያዩ ቢራ የሚጠጣባቸውና ሲጋራ የሚለኮስባቸው እነዚያ ምርጥ ወንበሮች በሙሉ ማለት ይቻላል ከክልክሉ ውስጥ ናቸው።

«ግድግዳ የለውም፣ እንዴት ቤት ይባላል?» የሚልም አይጠፋም። የሳር ክዳኑ ከላይ አለ፣ ዙሪያው ክፍት ነው፣ ነፋሱ ወዲያ ወዲህ ይላል። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት የማስፈጸሚያ መመሪያ አለው። መመሪያው ለዚህ ጥያቄ መልስ አዘጋጅቷል፦ ጣሪያ ያለው፣ ወይም አንድም ይሁን ከአንድ በላይ ግድግዳ ያለው ቦታ ሁሉ እንደ ዝግ ቦታ ይቆጠር ይላል። ከምን ተሠራ፣ ቋሚ ነው ጊዜያዊ፣ ለውጥ የለውም። የሳር ጎጆም፣ ለሠርግ የተተከለ ዳስም በዚህ አገላለጽ ይገባሉ።

አሁን ደግሞ ራሳችሁን በአስተናጋጇ ቦታ አድርጉ። ዕድሜዋ 20 ወይም 22 ቢሆን ነው። ደመወዟ ትንሽ፣ ኑሮዋን የሚሞላው ጉርሻ ነው። በረንዳው ላይ የአባቷ እኩያ የሚሆኑ ሰውዬ ከጓደኞቻቸው ጋር ውስኪ አውርደው ሲጋራ ለኩሰዋል። ምን ትበል? «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሲጋራውን ትንሽ ራቅ ብለው ቢያጨሱልን…» ብትል ጉርሻዋ ይቀራል፤ ሥራ አስኪያጁ ጋ ደግሞ «እንግዳ አስቀየመች» ተብላ ትጠራለች። ስለዚህ «መተርኮሻ አምጪ» ስትባል ታመጣለች። ከዚያ አመሻሹን ሙሉ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ስትመላለስ ታመሻለች።

የላንጋኖ ክርክር እውነተኛ ባለጉዳይ እሷ ናት። እሳት ዳር ፊቷን ያዞረችው ልጅ ተነስታ ሌላ ቦታ መቀመጥ ትችላለች። ነገ ማታ ደግሞ አዲስ አበባ ወይ አዳማ ቤቷ ናት። አስተናጋጇ፣ ባርማኑ፣ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ግን የትም አይሄዱም። ቅዳሜ እዚያው፣ እሁድ እዚያው፣ በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው።

ይህ የላንጋኖ ብቻ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ በአዋቂዎች ላይ የተደረገው የትምባሆ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ሰው ከመቶ 5 ያህል ብቻ መሆኑን አገኘ፤ ከወንዶች 8 ገደማ፣ ከሴቶች 2 እንኳ አይሞላም። ከጎረቤትና ከሩቅ አገሮች ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፣ ደስ ይላል። ግን ያው ጥናት ሌላም ነገር አለው፦ ቤት ውስጥ ከሚሠሩት ሰዎች ከመቶ 29 ያህሉ በሥራ ቦታቸው የሌላ ሰው ጭስ ይስባሉ። ባርና የምሽት ክበብ ከገቡት ደግሞ ከመቶ 60 ያህሉ። ጥቂቶች ያጨሳሉ፣ ብዙዎች ይተነፍሱታል። ጥናቱ ከአዋጁ በፊት የተደረገ መሆኑን አትርሱ።

የሲጋራ ጭስ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎች አሉ፤ ወደ 70 የሚጠጉት ካንሰር አምጪ መሆናቸው ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ በሌላ ሰው ጭስ ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይሞታሉ። መስኮት መክፈትና ፋን ማስነሳት ሽታውን ይቀንስ ይሆናል፤ ጉዳቱን ግን አያስቀርም።

ለአጫሹም ፍትሐዊ እንሁን። ክፍት ሜዳ ላይ ጭሱ ቶሎ ይበተናል። ላንጋኖ ደግሞ ነፋሱ ቀልድ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁን እንደ ባሕር ሲያናውጠው አይታችኋል። ዳርቻው ሁሉ ይከልከል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። አሸዋው ላይ፣ ከሰው ራቅ ብሎ የሚያጨስን ሰው ማሳደድ ዋናውን ነገር ያስረሳል። በረንዳው ሳይከበር የባሕር ዳርቻውን መከልከል፣ በሩን ክፍት ትቶ መስኮት እንደ መቆለፍ ነው።

የባለ ሆቴሎቹ ስጋትም ይገባኛል። «እንግዳው ከእኔ ቢሄድ ጎረቤት ያለው ይቀበለዋል» ነው ነገሩ። ይህንኑ ስጋት አየርላንዶች ከ20 ዓመት በፊት ጮክ ብለው ተናግረውታል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2004 አየርላንድ መጠጥ ቤቶችን ጨምሮ በሁሉም የሥራ ቦታ ማጨስን በመከልከል ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ስትሆን፣ «ያለ ሲጋራ መጠጥ ቤት የለም» ተብሎ ነበር። የሕጉ ደጋፊዎች የያዙት መከራከሪያ ቀላል ነበር፦ የቡና ቤት ሠራተኛ ሳንባም ሳንባ ነው። በኋላ በሠራተኞቹ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሳልና የመተንፈስ ችግራቸው መቀነሱን አሳዩ። የአየርላንድ መጠጥ ቤቶችም ዛሬ ድረስ አሉ፤ አጫሹ ብርጭቆውን ትቶ ወጣ ይልና ይመለሳል። እዚያ ብርድና ዝናብ እያለ ወጥተዋል፤ ላንጋኖ ላይ 13 እርምጃ ወደ ሐይቁ መራመድ ቅጣት አይመስለኝም። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ ርቀቱን 50 ሜትር አድርጋዋለች። እኛ በ10 ሜትር ነው የምንነጫነጨው!

ከእኛም ታሪክ ቢሆን ክልከላ አዲስ አይደለም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን ከልክለው፣ ያጨሰ ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበ አፍንጫውን ይቆረጥ እንደ ነበር ይነገራል። በዚያ ልክ የሚመኝ ሰው አሁንም ኮሜንት ሳጥን ውስጥ አይጠፋም። ቢሆንም ጋያውም ሱረቱም ከገጠር አልጠፋም።

ሌላው ጉዳይ ገንዘብ ነው። ኒያላንና ግስላን የሚያመርተው ብሔራዊ የትምባሆ ድርጅት ለአሥርት ዓመታት የመንግሥት ነበር። ጃፓን ቶባኮ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ደግሞ 30.95 በመቶ በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ። ከዚያ ከአንድ ዓመት ትንሽ ቢያልፈው አዋጁ ወጣ። መንግሥት ሲጋራ ፋብሪካ ሸጦ ወዲያው ሲጋራን የሚገታ ሕግ ማውጣቱን እንደ ብልጠት ያየው አለ፣ እንደ ግራ መጋባት ያየውም አለ። እኔ ግን ይህን አስባለሁ፦ አንድ ኩባንያ ወደ 950 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ የሚያወጣው ከመቶ 5 ለሆነ አጫሽ ብቻ አይመስለኝም። ወጣት የበዛበት አገር ነው። ስልክ ይዛችሁ ይህን የምታነቡት እናንተ ናችሁ ገበያው።

የወጣቱን ነገር ካነሳን፣ ላንጋኖ ራሱ አንድ ጠባይ አለው። እናት የለችም፣ ጎረቤት የለም፣ የሰፈር ባለ ሱቅ የለም። ቤት የማትጨስ ሲጋራ እዚያ ትጨሳለች። «እኔ እኮ አጫሽ አይደለሁም፣ ስጠጣ ብቻ ነው»፣ «ስቅም ብቻ ነው» የሚለው ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች አብዛኛው አጫሽ በጉርምስናውና በወጣትነቱ እንደሚጀምር ያሳያሉ፤ ኒኮቲን ደግሞ ቅዳሜን ከሰኞ አይለይም። ሴት ልጅ ከሆነች ሌላ ጣጣ አለ፦ ወንዱ ሲያጨስ «ሱስ ይዞት ነው» ይባላል፣ እሷ ስታጨስ ፎቶ ተነስታ ቴሌግራም ላይ ትለቀቃለች። ይህን የሚያደርግ ሰው ስለ ጤና አስቦ እንዳይመስላችሁ። ማቆም የምትፈልግ ልጅ እንኳ እርዳታ ከመጠየቅ ይልቅ ተደብቃ ማጨሱን እንድትመርጥ ነው የሚያደርጋት።

ሲጋራው የሚገዛበት መንገድም ሕጉን ያመልጣል። በአዋጁ መሠረት የፓኮው ፊትና ጀርባ 70 በመቶ በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ መሸፈን አለበት። ጥሩ። ግን ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድ፣ መቂ ላይ፣ ባቱ ላይ፣ ቡልቡላ ላይ መኪና ሲቆም ሱቅ በደረቴ ይዞ የሚመጣው ልጅ የሚሸጠው ፍሬ ነው። አንድ ፍሬ፣ ሁለት ፍሬ፣ ከማስቲካና ከሶፍት ጋር። ገዢው ፓኮውን ሳያይ ገዝቶ ይሄዳል። በመጽሐፍ ደረጃ የሚያስፈራው ሥዕል ያለው ልጁ ደረት ላይ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ዕድሜ ጠይቆ መታወቂያ አሳዩኝ የሚል ሻጭማ እርሱት፤ ሻጩ ራሱ ብዙ ጊዜ 21 አልሞላውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ሲወጣ በአንድ ፓኮ 8 ብር ቋሚ ታክስና 30 በመቶ ተጨማሪ ጥሎበት ነበር። በፍሬ ለሚገዛ ሰው ግን ቋሚው 8 ብር ለ20 ተካፍሎ 40 ሳንቲም ነው። ለ40 ሳንቲም ብሎ ሲጋራ የተወ ሰው አላየሁም።

ቁራጩንም ሳላነሳ አልለፍ። የሲጋራ ፊልተር ጥጥ ይመስላል እንጂ የፕላስቲክ ዘር ነው፤ በቶሎ አይበሰብስም። እሁድ ከሰዓት እንግዳው ሲመለስ አሸዋው ላይ ተቀብሮ የሚቀረው እሱ ነው። ሰኞ ከብቶች ውሃ ሊጠጡ ይወርዳሉ፣ የአካባቢው ልጆች ሊዋኙ ይመጣሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከባድ ነገር አይመስለኝም። መመሪያው ግዴታውን ባለቤቱ ላይ ነው የጣለው፦ ምልክት መለጠፍ፣ መተርኮሻ ማንሳት፣ የሚያጨስ ካለ እንዲያቆም መጠየቅ፣ እምቢ ካለ አገልግሎት ማቋረጥ። ይህን ሁሉ የ20 ዓመት አስተናጋጅ ላይ ማራገፍ አይገባም። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወይም በር ላይ ያለው ጥበቃ ይናገር። እንግዳው ክፍል ሲይዝ በስልክ ይነገረው፤ ቁርስ እንደሚካተት እንደሚነገረው ሁሉ። ከበረንዳው 10 ሜትር ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ወደ አዳራሹ በማይመልስበት በኩል፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አሸዋ የተሞላ ባልዲ ይቀመጥ። አጫሹም ሐይቁን እያየ ያጨስ፣ ቁራጩም ባልዲው ውስጥ ይግባ።

እናንተም ክፍል ስትይዙ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። «ዋይፋይ አለ?» ካላችሁ በኋላ «በረንዳችሁ ላይ ይጨሳል?» በሉ። ባለ ሆቴል ከተቆጣጣሪ ይልቅ ደንበኛ የጠየቀውን ነው ቶሎ የሚሰማው።