የቤዝ ጊታርን ድምፅ በፔዳል መቅረጽ፤ የቤይሩት ሙዚቀኞች ሙከራ

በአንድ የሙዚቃ ባንድ ውስጥ አድማጭ ብዙም ልብ የማይለው፣ ሲጎድል ግን ወዲያውኑ የሚታወቀው መሣሪያ ቤዝ ጊታር ነው። ድምፃዊው ዜማውን ይዞ ሲሄድ፣ ሊድ ጊታሩና ኪቦርዱ ሲያጅቡት፣ ቤዙ ከድራሙ ጋር ሆኖ ምቱን ይሸከማል፤ ሌሎቹ ድምፆች የሚያርፉበትንም መሠረት ይጥላል። በሊባኖስ ዋና ከተማ በቤይሩትና በዙሪያዋ የሚገኙ ሙዚቀኞች ይህን ወፍራም ድምፅ በእግር በሚረገጡ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሣጥኖች፣ ማለትም በኢፌክት ፔዳሎች፣ እየለወጡ መሞከር ከጀመሩ ከሃያ ዓመታት በላይ ሆኗቸዋል። ሙከራው የሙዚቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መብራት በሚቆራረጥባትና ገንዘቧ ዋጋ ባጣባት ከተማ የኤሌክትሪክና የኪስ ጉዳይም ጭምር ነው።

ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር በዓለም ዙሪያ መስፋፋት የጀመረው ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.አ.አ በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝ የተሰኘውን መሣሪያ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው። የመሣሪያው አሠራር ውስብስብ አይደለም። ከአውታሮቹ ሥር ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይገኛል። የብረቱ አውታር ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል፤ ሞገዱም በገመድ አልፎ በአምፕሊፋየር ሲጎለብት በስፒከር በኩል ድምፅ ሆኖ ይወጣል። ፔዳሉ የሚገባው በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል ነው። ሞገዱን ይቀበላል፣ ቅርጹን ይለውጣል፣ መልሶም ያስተላልፋል። የተጫዋቹ ሁለት እጆች በሥራ ላይ ስለሆኑ ማብሪያና ማጥፊያው ለእግር ተሰጥቷል።

ይህ ለውጥ ለቤዝ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት የድምፁን ተፈጥሮ ማወቅ ይጠቅማል። የባለ አራት አውታር ቤዝ ወፍራሙ አውታር በጣት ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ከዚህ መሠረታዊ ድምፅ ጋር የእርሱ ብዜት የሆኑና በሰከንድ 82፣ 123፣ 164 ጊዜ እያሉ የሚቀጥሉ ቀጠን ያሉ ድምፆች አብረው ይወጣሉ። የአንድን መሣሪያ የድምፅ ቀለም በአብዛኛው የሚወስነው የእነዚህ ብዜቶች መብዛትና ማነስ ነው።

የእጅ ስልክ ስፒከር ትንሽ በመሆኑ እንዲህ ያለውን ወፍራም ድምፅ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ንጹሕና ለስላሳ የሆነ ቤዝ በስልክ ሲደመጥ የሌለ እስኪመስል ድረስ ይጠፋል። ብዜቶቹ ጎልተው ከተሰሙ ግን የሰው ጆሮና አእምሮ የጎደለውን መሠረት ራሳቸው ይሞሉታል፤ አድማጩም ስፒከሩ ያላወጣውን ድምፅ የሰማ ያህል ይሰማዋል። የቤዝን ድምፅ በፔዳል ማሻከር ከሚሰጣቸው ጥቅሞች አንዱ ይኸው ነው። ሻካራው ድምፅ በብዜቶች የተሞላ በመሆኑ ትንሽ ስፒከር ባለው ስልክም ሆነ ጫጫታ በበዛበት አዳራሽ ውስጥ ቤዙ እንዲለይ ያደርጋል።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያውያን ጆሮ እንግዳ አይደለም። በዐቢይ ጾም ወቅት ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው በገና ዐሥር አውታሮች ያሉት ሲሆን፣ አውታሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ ላይ እንዝራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን እየነካ የበገና መለያ የሆነውን ነዛሪ ድምፅ ይሰጣል። እንዝራው ከቦታው ከተነሣ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ይደበዝዛልም። ዛሬ ፈዝ ወይም ዲስቶርሽን የሚባሉት ፔዳሎች በኤሌክትሪክ የሚሠሩትን ሥራ፣ የበገና ሠሪዎች በቆዳና በጣት ልክ ሲሠሩት ኖረዋል ማለት ይቻላል።

በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ዘንድ የሻካራ ድምፅ ታሪክ ከወፍራም አውታር ጋር የተያያዘ ነው። እ.አ.አ በ1961 በወጣው የአሜሪካዊው ድምፃዊ ማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ላይ የግሬዲ ማርቲን ባለ ስድስት አውታር ቤዝ በተበላሸ የስቱዲዮ ማቀናበሪያ መስመር አልፎ ሻክሮ ተቀረጸ። ብልሽቱ በአድማጭ ዘንድ ተወደደ። የድምፅ ባለሙያው ግሌን ስኖዲም ያንኑ ድምፅ ሆን ብሎ የሚፈጥር ሰርኪዩት በመሥራቱ፣ ማይስትሮ ፈዝ ቶን የተባለው ፔዳል እ.አ.አ በ1962 ለገበያ ቀረበ። ከሦስት ዓመት በኋላ የቢትልስ ባልደረባው ፖል ማካርትኒ በአንድ ዘፈን ላይ ሁለት ቤዝ ቀረጸ፤ አንዱ ንጹሕ፣ ሌላው በፈዝ የሻከረ ነበር። ይህ አሠራር እስከ ዛሬ ድረስ የቤዝ ተጫዋቾች መመሪያ የሆነውን ሐሳብ ይዟል።

ሐሳቡ የሚነሣው ማሻከር ከሚያስከትለው ጉዳት ነው። ፔዳሉ የሞገዱን ጫፍና ጫፍ ሲቆርጥ ብዜቶቹ ይጨምራሉ፤ ነገር ግን በጠንካራና በደካማ ምት መካከል ያለው ልዩነት ይጠፋል። ለሊድ ጊታር የተሠሩ ብዙ ፔዳሎች ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ሆን ብለው ይቀንሳሉ፤ ጊታሩ ያን ያህል ወርዶ ስለማይጫወት አያስፈልገውምና። ቤዝ በእንዲህ ያለ ፔዳል ሲያልፍ ቤት ውስጥ ብቻውን ሲደመጥ ኃይለኛ ይመስላል፤ ከባንዱ ጋር ሲሆን ግን መሠረቱ ይከዳል። ድራሙ ብቻውን ይቀራል፣ ዘፈኑም ይሳሳል።

መፍትሔው ድምፁን ለሁለት መክፈል ነው። አንዱ መስመር ንጹሕ ሆኖ መሠረቱን ይይዛል፤ ሌላው ይሻክርና ከላይ ይጨመራል። ለቤዝ ተብለው በሚሠሩ በርካታ ፔዳሎች ላይ ይህን ድብልቅ የሚመጥን ብሌንድ የሚባል መቆጣጠሪያ ይገኛል። ተጫዋቹ መቆጣጠሪያውን ከንጹሑ ጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ እያደረገ፣ ሻካራው ድምፅ መሠረቱን መብላት ሲጀምር ጥቂት መለስ ማድረግ ይበቃዋል።

ሌሎቹም ፔዳሎች በዚሁ ሚዛን ይለካሉ። ኮምፕረሰር ጎልቶ የወጣውን ምት ዝቅ በማድረግ ቤዙ ወጥ ሆኖ እንዲሰማ ያግዛል፤ ሲበዛ ግን የጣትን ለዛ ይገድላል። ኦክታቭ የተባለው ፔዳል ከተመታው ድምፅ በታች አንድ ኦክታቭ የወረደ ድምፅ ይጨምራል። ይሁንና በወፍራሙ አውታር ላይ ዝቅ ባለ ቁጥር የትኛውን ድምፅ መከተል እንዳለበት ይስታል፤ ስለዚህ ከፍ ባሉ ድምፆች ላይ ይሻላል። ኤንቨሎፕ ፊልተር እንደ ምቱ ጥንካሬ ድምፁን እየከፈተና እየዘጋ አፍ ያለው ያስመስለዋል። ኮረስ ድምፁን ያሰፋል፤ ዲሌይና ሪቨርብ ደግሞ ማስተጋባትን ይሰጣሉ። ማስተጋባት በወፍራም ድምፅ ላይ በፍጥነት ስለሚደራረብ በመጠኑ መጠቀም ይገባል። በተለይ እንደ ጭፈራ ዘፈኖቻችን ፈጠን ባለ ምት ላይ አንዱ ድምፅ ሳያበቃ ሌላው ስለሚደርስ ምቱ ይደበላለቃል፤ ረጋ ላለ የትዝታ ዜማ ግን ሊስማማ ይችላል።

በቤይሩት ይህን መንገድ በድፍረት ከሞከሩት መካከል ስክራምብልድ ኤግስ የተባለው የሮክ ባንድ ይጠቀሳል። ባንዱ እ.አ.አ በ1998 የተመሠረተ ሲሆን፣ ቤዝ ተጫዋቹ ቶኒ ኤሊያ ከጊታሪስቱ ሻርቤል ሃበር ጋር ሮክን ከጩኸትና ከድንገቴ ፈጠራ ጋር ያዋሕዱ ነበር። ኤሊያ በኋላም የቤይሩት፣ የካይሮና የኢስታንቡል ሙዚቀኞችን ባገናኘው ካርካና በተሰኘ ስብስብ ውስጥ ቤዙን ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ተጫውቷል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ መድረክ የሆነው እ.አ.አ በ2000 የተጀመረው የኢርቲጃል ፌስቲቫል ነው፤ ስሙም በዐረብኛ ያለ ዝግጅት በቅጽበት መፍጠር ማለት ነው። የፌስቲቫሉ መሥራቾች ማዜን ከርባጅና ሸሪፍ ሰህናዊ፣ ኮንትራባስ ከሚጫወተው ራኢድ ያሲን ጋር ባቋቋሙት የሦስትዮሽ ቡድን፣ ያለ ምንም ፔዳል ልዩ ልዩ ቁሶችን በመሣሪያዎቻቸው ላይ በማሳረፍ ያልተለመደ ድምፅ ያወጣሉ። መንገዱ ከበገናው እንዝራ ጋር ይቀራረባል።

ይሁን እንጂ የከተማዋ ሙዚቀኛ ፔዳሉን የሚያበራበት ኤሌክትሪክ አስተማማኝ አይደለም። እ.አ.አ ጥቅምት 9 ቀን 2021 ሁለቱ ዋና ዋና የኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ በማለቁ ቆመው ሀገሪቱ በአንድ ጊዜ ጨለማ ውስጥ መግባቷ ይታወሳል። ነዋሪው ኢሽቲራክ እየተባለ በሚጠራው የግል ጄኔሬተር ክፍያ፣ በባትሪና በፀሐይ ኃይል ክፍተቱን ይሸፍናል። ከአንዱ ምንጭ ወደ ሌላው በተዘዋወረ ቁጥር ግን በቤዝ ላይ ጎልቶ የሚሰማ ችግር ይመጣል። በሊባኖስም ሆነ በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በቤዝ ወፍራሙ አውታር ላይ ሦስተኛው ፍሬት ሲያዝ የሚወጣው ሶል ደግሞ በሰከንድ 49 ጊዜ ይርገበገባል። ስለዚህ ከመስመሩ ሾልኮ የሚገባው እምም የሚል ጉምጉምታ ያረፈው በራሱ በቤዙ ክልል ውስጥ ነው፤ በቀላሉ ሊቆረጥ አይችልም። የጄኔሬተሩ ፍጥነት ሲዋዥቅ ጉምጉምታውም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። የማሻከሪያ ፔዳል ደግሞ ደካማውን ድምፅ ሁሉ ስለሚያጎላ ችግሩን ያባብሰዋል።

ለዚህ የሚረዱ ቀላል ዘዴዎች አሉ። አብዛኞቹ ፔዳሎች በ9 ቮልት ስለሚሠሩ፣ ጥቂት ኃይል የሚወስዱትን በደረቅ ባትሪ ማስነሣት ከመስመር የሚመጣውን ጉምጉምታ በእጅጉ ይቀንሳል። ዲጂታል ፔዳሎች ብዙ ኃይል ስለሚወስዱ ባትሪ አይበቃቸውም፤ እነርሱን ለእያንዳንዱ ፔዳል የተለየ መስመር ካለው የኃይል ማከፋፈያ ጋር ማገናኘት ይመከራል። ከመሰካት በፊት በፔዳሉ ላይ የተጻፈውን የቮልት መጠንና የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቅጣጫ ማመሳከር ያስፈልጋል፤ ስሕተቱ ፔዳሉን እስከ ወዲያኛው ሊያቃጥለው ይችላል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የመሬት መስመር ነው። ጉምጉምታውን ለማጥፋት ሲባል ኧርዝ የሚባለውን የመሬት መስመር ከአምፕሊፋየሩ መሰኪያ ላይ መቁረጥ ወይም መሸፈን ለሕይወት አደገኛ ነው። የጊታሩ አውታሮች በገመዱ በኩል ከአምፕሊፋየሩ አካል ጋር የተገናኙ ናቸው። አምፕሊፋየሩ ቢበላሽ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ስለማይኖር በተጫዋቹ እጅ ያልፋል፤ በተለይ ሌላኛው እጁ ወይም ከንፈሩ ማይክራፎን ከነካ። የመሬት መስመር በትክክል ባልተዘረጋበት ቤት ወይም አዳራሽ ከመጫወት በፊት በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስፈተሽ ተገቢ ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ የዋጋ ነው። ከ2019 የፋይናንስ ቀውስ ወዲህ የሊባኖስ ሊራ ከ90 በመቶ በላይ ዋጋውን አጥቷል፤ ከውጭ የሚገቡ የሙዚቃ መሣሪያዎችም በዶላር ይሸጣሉ። እ.አ.አ ነሐሴ 4 ቀን 2020 በወደቡ ላይ የደረሰው ፍንዳታም የምሽት መዝናኛዎችና የሙዚቃ ቤቶች የሚበዙባቸውን የጀማይዜንና የማር ሚኻኤልን ሰፈሮች ክፉኛ ጎድቷል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ጀማሪ ብዙ ፔዳል ለመሰብሰብ መቸኮል አይኖርበትም። የመጀመሪያው የድምፅ መቅረጫ የራሱ ጣት ነው። አውታሩን ወደ አንገቱ ቀረብ ብሎ መምታት ድምፁን ያለሰልሳል፤ ወደ በርኩማው ቀርቦ መምታት ብዜቶቹን ያወጣል። አዲስ አውታር ያበራል፣ ያረጀ ያደበዝዛል። ከዚያ በኋላ የሚገዛው አንድ ፔዳል ብሌንድ ያለው የማሻከሪያ ፔዳል ቢሆን ለብዙ ሥራ ይበቃል። ጎረቤትን ሳይረብሹ ለመለማመድም በጆሮ ማዳመጫ የሚሠሩ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ።

ሙዚቃ የሚያደምጥ እንጂ የማይጫወት ሰውም ልዩነቱን በቀላሉ ሊፈትሽ ይችላል። በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ቤዝ የተጫወተው ጆቫኒ ሪኮ የተሳተፈባቸውን ዘፈኖች በመጀመሪያ በስልክ ስፒከር፣ ቀጥሎም በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ማድመጥ በቂ ነው። በመጀመሪያው ያልተሰማው በሁለተኛው ይገኛል፤ ዘፈኑ በምን ላይ ቆሞ እንደነበረም ይታወቃል። ፔዳል የሚያገለግለው ያንን መሠረት ለማስዋብና ከሩቅ እንዲሰማ ለማድረግ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ማንኛውንም አዲስ ድምፅ ከባንዱ ጋር ሆኖ፣ ፔዳሉን አንዴ አብርቶ አንዴ አጥፍቶ ሊመዝነው ይገባል፤ ሲበራ ምቱ ከጠፋ መቆጣጠሪያው መመለስ አለበት ማለት ነው።