ሚያዝያን ከሚያዝያ ጋር ማወዳደር፦ የገበያ ማዕከል የሽያጭ ግራፍ እንዴት ይነበባል?

አዲስ አበባ ውስጥ ቦሌ ወይም መገናኛ አካባቢ ወዳለ የገበያ ማዕከል ስትገቡ፣ ብዙ ጊዜ ከታች ሱፐርማርኬት አለ። ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ደግሞ የሥጋ ክፍል ይኖራል። እስቲ የዚህ ክፍል ኃላፊ አንዲት ወጣት ናት እንበል። የካቲት 2017 አልቆ የወሩ ሪፖርት ሲወጣ ሥራ አስኪያጁ ይጠራታል። «ከአምናው የካቲት ጋር ሲነጻጸር ሽያጭሽ በ40 በመቶ ወርዷል፤ ምን ተፈጠረ?» ልጅቷ መልስ ያጥራታል። ምክንያቱም እንደ ሁልጊዜው ነው የሠራችው።

ሁለት ወር ቆይቶ የሚያዝያ ሪፖርት ይመጣል። አሁን ደግሞ ሽያጩ ከአምናው ሚያዝያ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኗል። ያው ሥራ አስኪያጅ ስብሰባ ላይ ያመሰግናታል። ልጅቷ፣ ደንበኛው፣ የሥጋው ዋጋ፣ ሁሉም እንደነበሩ ናቸው። ታዲያ ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ ከየት መጣ?

ታሪኩ ምሳሌ ነው፤ የቀኖቹ ስሌት ግን እውነተኛ ስለሆነ አብረን እንሥራው። እስክሪብቶና የግድግዳ ካላንደር ብቻ ይበቃል።

በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር። በ2017 ግን ሚያዝያ 12 ዋለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ በ2016 መጋቢት 2፣ በ2017 ደግሞ የካቲት 17 ገባ። አሁን የካቲትን እንቁጠር። የካቲት 2016 ውስጥ 5 ዓርብና 4 ረቡዕ ነበሩ። ጾመ ነነዌ ሦስት ቀን ነው፤ አንዱ ረቡዕ ላይ ስለሚውል የሚጨምረው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ድምሩ 11 የጾም ቀን፣ 19 የፍስክ ቀን። የካቲት 2017 ላይ ስንመጣ ዐቢይ ጾም ብቻውን 14 ቀን ወሰደ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ረቡዕ፣ ዓርብና ነነዌ ሲደመሩ 6 ቀን ናቸው። 20 የጾም፣ 10 የፍስክ ቀን ሆነ ማለት ነው። ከ19 ወደ 10!

ሚያዝያ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በ2016 ከሚያዝያ 30 ቀናት ውስጥ ፍስክ የነበሩት የመጨረሻዎቹ 4 ብቻ ናቸው። በ2017 ግን ከ12 እስከ 30 ድረስ 19 ቀን ፍስክ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ ምንም የሚቀነስ የለም።

የሥጋ ክፍሉ በፍስክ ቀን 20 ሺህ ብር፣ በጾም ቀን ደግሞ ከማይጾሙ ደንበኞች 2 ሺህ ብር ይሸጣል እንበል (ብሩ የኔ ግምት ነው፤ ቀኖቹ ግን የካላንደሩ ናቸው)። የካቲት 2016፦ 19 ሲባዛ በ20 ሺህ፣ ሲደመር 11 ሲባዛ በ2 ሺህ፣ 402 ሺህ ብር። የካቲት 2017 በተመሳሳይ ስሌት 240 ሺህ ብር። የ40 በመቶ ውድቀት። ሚያዝያ 2016፣ 132 ሺህ፤ ሚያዝያ 2017፣ 402 ሺህ። በየቀኑ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ክፍል በወር ሲደመር አንዴ ወድቆ አንዴ ይሰቀላል።

ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ ቶሎ ትዝ የሚለው ሲግናል ነው። የምንፈልገው መልእክት ቀስ ብሎ የሚሄደው ነገር ነው፤ ደንበኛ እየበዛ ነው ወይስ እየሸሸ? በዚያ ላይ በየዓመቱ የሚመላለስ ማዕበል ይደረባል፤ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት። ከዚያ በላይ ደግሞ የዘፈቀደ ነገር አለ፤ አንድ ቀን መብራት ይጠፋል፣ አንድ ቀን መንገድ ይዘጋል። የሽያጭ ዳታ የሦስቱ ድምር ነው፤ ሥራው ደግሞ መለያየት። ተመላላሹ ማዕበል ሁልጊዜ በአንድ ቀን ቢመጣ ኖሮ ቀላል ነበር፤ የአምናውን ተመሳሳይ ወር አስቀምጦ ማወዳደር ብቻ። የኛ አገር ማዕበል ግን ቦታውን ይቀያይራል። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 አልፎ አይውልም፤ በመሃል 35 የሚሆኑ ቀኖች አሉ። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደኋላ ይመጣል። በ2016 ኢድ አልፈጥር ሚያዝያ 2 ውሎ ነበር፤ በ2017 መጋቢት 21 ዋለ። ስለዚህ የኢድ ልብስ ገበያ ጭራሽ ከወሩ ወጥቶ ሄዷል። (ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ሱፐርማርኬት ውስጥ በዳታ ተንታኝነት ቢቀጠር ቀልድ አይደለም፤ እኔ በበኩሌ እቀጥረዋለሁ።)

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ይሠራ የነበረው ጁሊየስ ሺስኪን፣ በዘመኑ ገና ብርቅ በነበረው ዩኒቫክ ኮምፒውተር ወቅታዊውን ማዕበል ከኢኮኖሚ ዳታ ላይ የሚያነሳ ፕሮግራም ሠራ። በ1965 ኤክስ-11 የተባለው ስሪት ወጣ፤ ዛሬ የልጅ ልጁ ኤክስ-13 በብዙ አገሮች የስታቲስቲክስ ቢሮዎች ይሠራበታል። ፕሮግራሙ ለምዕራባውያኑ ፋሲካ የተዘጋጀ ቀመር አለው። ለኛው ፋሲካና ለረመዳን ግን ተጠቃሚው ራሱ ቀኖቹን ቆጥሮ ማስገባት አለበት። ቅድም በእስክሪብቶ የቆጠርነው «19፣ 10፣ 4፣ 19» ማለት ነው እንግዲህ የሚገባው ነገር።

ለአንድ ሱቅ ግን ይህን ያህል መሄድ አያስፈልግም። ቀላሉ መንገድ ወሩን ትቶ ቀኑን በፋሲካ መቁጠር ነው፦ «ከፋሲካ በፊት 8ኛው ሳምንት»፣ «ከፋሲካ በኋላ 2ኛው ሳምንት» እያሉ የዘንድሮን ከአምናው ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ። የልጅቷን የሥጋ ክፍል በዚህ መንገድ ብንስለው የሁለቱ ዓመታት መስመሮች አንዱ በሌላው ላይ ይተኛሉ። ልዩነት ከታየ ያኔ «ምን ተፈጠረ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እስካሁን ያየነው ሥጋ ነው። የገበያ ማዕከሉን በሙሉ ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም ሱቆቹ በአንድ ቀን አይስቁም። ሥጋ ክፍሉ ጭር ሲል የጾም ኬክና ጁስ የሚሸጠው ካፌ ይሞቃል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን የሙሽራ ልብስ ቤት አስቡት። በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም፤ ስለዚህ ከጥምቀት ማግስት እስከ ጾሙ ዋዜማ ያለው ጊዜ ለእሱ ትልቁ ገበያ ነው። ያ ጊዜ በ2016 50 ቀን ነበር፤ በ2017 ግን 35 ቀን ብቻ። ሙሽሮቹ በቁጥር ባይቀንሱ እንኳ ሁሉም በአጭር ጊዜ ውስጥ ይጠቀጠቃሉ፤ ልብስ የሚያከራየው ሰው ደግሞ አንድን ቀሚስ በአንድ ቅዳሜ ለሁለት ሙሽራ ማከራየት አይችልም። እዚህ ላይ የገቢ መቀነሱ እውነተኛ ነው፤ ምንጩ ግን የቀን እጥረት እንጂ የደንበኛ ጥላቻ አይደለም። የሁሉም ሱቆች ሽያጭ ሲደመር እነዚህ ውጣ ውረዶች እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ ሕንጻው ደህና ይመስላል፤ ከውስጡ ግን አንዱ ኪራይ መክፈል አቅቶት ሊሆን ይችላል።

ስለ ኪራይ ካነሳን፣ «የሕንጻው ሽያጭ በ30 በመቶ አድጓል» የሚል ወሬ ሰምቶ ሱቅ ለመከራየት የሚሮጥ ሰው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የስንት ወር ኪራይ ቅድሚያ ስለሚከፈል፣ ግራፉን አሳስቶ ማንበብ የቤተሰብን ጥሪት ሊያስበላ ይችላል። ከመፈረሙ በፊት ሁለት ነገር ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

አንደኛው፣ ዕድገቱ በብር ነው ወይስ በዕቃ ብዛት? ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚመጣ ጁስ መፍጫ የሚሸጥ ሱቅ አምና 100 ፍሬ በ3 ሺህ ብር፣ ዘንድሮ 70 ፍሬ በ5 ሺህ ብር ሸጠ እንበል። ገቢው ከ300 ሺህ ወደ 350 ሺህ አደገ፤ ወደ 17 በመቶ ገደማ። ከሱቁ ዕቃ ይዘው የወጡት ሰዎች ግን በ30 በመቶ ቀንሰዋል። በዚያ ላይ ባለሱቁ የሸጠውን ዕቃ ለመተካት ተጨማሪ ብር ያስፈልገዋል። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣው የዋጋ መለኪያ ለዚህ ነው የሚጠቅመው፤ ሽያጩን ለዋጋው ንረት አካፍሎ የቀረውን ማየት።

ሁለተኛው፣ ዕድገቱ የነባሮቹ ሱቆች ነው ወይስ አዲስ ፎቅ ስለተከፈተ? አምና 40 ሱቅ፣ ዘንድሮ 60 ሱቅ ካለ ጠቅላላው ቢጨምር አይገርምም። መታየት ያለበት በሁለቱም ዓመት ክፍት የነበሩት ሱቆች ብቻ፣ ወይም በካሬ ሜትር የተሸጠው ነው። 60ዎቹ ያንኑ ደንበኛ እየተቀራመቱ ከሆነ 61ኛው የሚገባው ወደ ሽሚያ ነው። አንዳንድ ሕንጻዎች መግቢያው ላይ ሰው የሚቆጥር ሴንሰር አላቸው። ሴንሰሩ ግን ለመግዛት የመጣውንና ዝናብ ለማሳለፍ የተጠለለውን አይለይም፤ ሐምሌ ላይ ቆጠራው ደመቅ ቢል እኔ ብዙም አልደነቅም።

አንድ ነገር ግን የኛ ካላንደር ለተንታኝ ይመቻል። ወሮቹ ሁሉም 30 ቀን ናቸው፤ ፈረንጆቹ 28 ቀን ያለውን ፌብሩዋሪ ከ31 ቀኑ ማርች ጋር ለማወዳደር የሚለፉትን ልፋት እኛ የለብንም። ጳጉሜን ብቻ ነው የምታስቸግረው። አምስት ወይም ስድስት ቀኗን እንደ አንድ ወር የቆጠረ ሶፍትዌር ገበያው የወደቀ ያስመስለዋል፤ በቀን ብናሰላው ግን የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ስለሆነች ከዓመቱ ደማቅ ገበያዎች አንዷ ናት።

ወደ ሥጋ ክፍሏ ልጅ እንመለስና የሚመጣውን እናስላላት። በ2018 ፋሲካ የሚውለው ሚያዝያ 4 ነው፤ ስለዚህ ሚያዝያ ውስጥ 27 የፍስክ ቀን አለ። በቅድሙ ግምት ሽያጩ 546 ሺህ ብር ይሆናል፤ ከ2017ቱ 402 ሺህ ጋር ሲተያይ 36 በመቶ ዕድገት። በ2019 ደግሞ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው፤ ፍስኩ 7 ቀን ብቻ፣ ሽያጩ 186 ሺህ፣ ማለትም የ66 በመቶ ውድቀት። ልጅቷ ይህን ከወዲሁ በአንድ ገጽ ጽፋ ለሥራ አስኪያጁ ብትሰጠው፣ በ2019 ግንቦት ቢሮ ስትጠራ ወረቀቱ ቀድሟት ይጠብቃታል።