በሐምሌ የተተከለ ችግኝ በኅዳር ውርጭ እንዳይጠፋ

ሰበካ ጉባኤያት በየዓመቱ በሐምሌና በነሐሴ ካህናቱንና ምእመናኑን አስተባብረው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዐጸድ ችግኝ ያስተክላሉ። የተተከለው ተቆጥሮ ሪፖርት የሚደረገውም በዚያው ሰሞን ነው። ይሁን እንጂ በላይ ጋይንት፣ በእስቴና በስማዳ ደጋማ ቀበሌዎች የችግኙ ዕጣ የሚለየው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ነው። ስለዚህ ቆጠራው ከጥምቀት በኋላ ቢደገም እውነተኛውን ውጤት ያሳያል ብለን እናምናለን።

ውርጭ የሚጥለው ሰማዩ በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ሲኖር ሙቀቱን ያግደዋል፤ ሰማዩ ሲጠራ ግን ሙቀቱ ያመልጥና ምድርን የነካው አየር ይቀዘቅዛል። ብርዱ የሚበረታው ለመሬት በቀረበው አየር ላይ፣ ይኸውም ችግኙ በሚገኝበት ከፍታ ነው። የትልቁ ዛፍ ቅርንጫፍ ከዚያ በላይ ስለሆነ ይተርፋል። ነባሩ ወይራ ለዘመናት ቆሞ ሳለ ከሥሩ የተተከለው ልጁ ለምን እንደሚጠወልግ የሚጠይቁ አባቶች መልሱን ከዚህ ያገኙታል። በነፋስ መውጫ ሰው የሚያማርረው ነፋስ እንኳ በዚህ ረገድ ባለውለታ ነው፤ ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር ያደባልቀዋልና።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ እንደ ውኃ ቁልቁል ይወርዳል፤ በረባዳ ሥፍራም ይተኛል። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ዙሪያ ያሉ ዝቅተኛ ሜዳዎች ከጎናቸው ካለው ተረተር ይልቅ በውርጭ የሚመቱት ስለዚህ ነው። አብያተ ክርስቲያናት አብዛኛውን ጊዜ በኮረብታ ላይ መታነጻቸው ይጠቅማል። ነገር ግን በዐጸዱ ዙሪያ የሚሠራው የድንጋይ ካብ የሚወርደውን ብርድ ገድቦ በታችኛው ጥግ ከውስጥ በኩል ያስቀረዋል። ካቡ ይፍረስ አንልም፤ ከብት ከውርጭ የባሰ የችግኝ ጠላት ነው። በዚያ ጥግ ብርድን ከሌሎቹ በተሻለ የሚችለው ጽድ ይተከል፤ ለስላሳ ቅጠል ያላቸው ግን ከነባሩ ደን ጠርዝ ይጠጉ፤ የዛፎቹ ቅርንጫፍ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ይይዛልና። ዐጸዱን ለማስዋብ ተብሎ ቁጥቋጦውን መመንጠርም የችግኙን ልብስ መግፈፍ ነው።

ዋንዛና ግራቪሊያ ለስማዳና ለታች ጋይንት ዝቅተኛ ቦታዎች መልካም ናቸው፤ በከፍተኛው ደጋ ግን ባይሞከሩ እንመርጣለን። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው፣ የዛፉን ዓይነት ከደን ደን በእጅጉ የሚለየው ከፍታ መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ ዘሩ ተመሳሳይ ከፍታ ካለው ጎረቤት ደብር ቢለቀም ይሻላል።

ለተተከለው ችግኝ ሦስት አጫጭር እንጨት ተክሎ በላዩ ሣር መክደን ይበቃል። ክዳኑ ቅጠሉን አይንካ፤ የምሥራቁ ጎን ይሸፈን፤ የበረደ ቅጠል የጠዋት ፀሐይ በድንገት ሲያገኘው ጉዳቱ ይብሳልና። በችግኝ ጣቢያ ያሉት ማታ በጆንያ ወይም በሣር ተሸፍነው ረፋድ ላይ ይገለጡ። ስስ ላስቲክ ሙቀትን እምብዛም አይይዝም።

አንድ ነገር ብዙዎችን ያስገርማል። እርጥበት ለመጠበቅ በችግኙ ሥር የሚነጠፍ ደረቅ ሣር በውርጭ ወራት ብርዱን ያባብሰዋል፤ አፈሩ ቀን እንዳይሞቅ፣ ሌሊትም ሙቀቱን ለችግኙ እንዳይሰጥ ይከለክላልና። ስለዚህ ጉዝጓዙ ውርጩ እስኪያልፍ ተነሥቶ ይቆይ፤ ከዚያ ተመልሶ ይነጠፍ። እርጥብ አፈር ከደረቁ ይልቅ ሙቀት ስለሚያከማች፣ ውኃ ካለ ረፋድ ላይ ማጠጣት ይረዳል።

ውርጭ የመታው ችግኝ ቅጠሉ ቢጠቁርም ቶሎ አይነቀል፤ የደረቀውም ጫፍ አይቆረጥ፤ ለቀረው መጠለያ ይሆናል። ግንዱን በጥፍር ፋቅ አድርጎ ማየት ነው፤ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ከታየ በሕይወት አለ። ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። እስከ ግንቦት ያላቆጠቆጠው ብቻ ተቆጥሮ ምትኩ ለሐምሌ ይዘጋጅ።