በኔትወርክ ላይ ቅርብ የሚባለው የቱ ነው?

መተማ ዮሐንስንና የሱዳኗን ገላባት የሚያገናኛቸው አንድ ድልድይ ነው። ድንበሩ ክፍት ሲሆን ነጋዴ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሩ ይሻገራል። ለማዶ ደንበኛው በቴሌግራም የሚልከው የሰሊጥ ናሙና ፎቶ ግን ድልድዩን አይሻገርም። ከስልኩ በሬዲዮ ሞገድ ወደ ሞባይል ማማው ይደርሳል፤ ከማማው አገር አቋርጦ ወደ ዓለም አቀፍ መውጫ ይጓዛል፤ የአገልግሎቱ ሰርቨር ወዳለበት ሩቅ አገር ይገባል፤ ከዚያም በሱዳን መስመር ዞሮ ገላባት ይደርሳል። የኮምፒውተር ኔትወርክን መማር የሚጀምር ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጨብጠው የሚገባው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፦ በኔትወርክ ላይ ርቀት የሚለካው መረጃው በሚያልፍበት መንገድ እንጂ በመሬቱ ስፋት አይደለም።

ፎቶው እንዳለ አይጓዝም፤ ፓኬት ወደሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ይከፋፈላል። በየጆንያው ቁጥር ተጽፎበት በተለያየ መኪና የተጫነን ሰሊጥ ተቀባዩ ቆጥሮ፣ የጎደለ ካለ «ይላክልኝ» እንደሚል፣ ቲሲፒ የሚባለው የአሠራር ደንብም ፓኬቶቹን በቅደም ተከተል ያሰልፋል፤ የጠፋውን ደግሞ ያስልካል። በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የላኪውና የተቀባዩ አይፒ አድራሻ ሰፍሯል። በስፋት የሚሠራበት አራተኛው የአይፒ ስሪት 32 ቢት ስለሆነ ከ4.3 ቢሊዮን የማይበልጡ አድራሻዎች ብቻ አሉት። ይህ ለዓለም መሣሪያዎች ሁሉ ስለማይበቃ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች እርስ በርስ በ192.168 በሚጀምሩ የውስጥ አድራሻዎች እየተጠራሩ፣ ወደ ውጭ ሲወጡ አንድ አድራሻ ሊጋሩ ይችላሉ። በግቢው ውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች የሚያገናኘው ስዊች ነው፤ ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚያሻግረው ራውተር ነው። ራውተር የሚወስነው የሚቀጥለውን እርምጃ ብቻ ነው። በአገሮች መካከል ያለውን መንገድ ደግሞ የቴሌኮም ድርጅቶች ስምምነት እንጂ የከተሞች ጉርብትና አይወስነውም።

«ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ 1,000 ኪሎ ሜትር በ5 ሚሊ ሴኮንድ ካለቀ የመንገዱ መርዘም ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ድረ ገጽ እስኪከፈት ፓኬቶች ብዙ ጊዜ ይመላለሳሉ፤ መዘግየቱም ይደራረባል። ከመዘግየት የሚብሰው ደግሞ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ሊበጠስ የሚችልበት ቦታ መብዛቱ ነው። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከፈነዳ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ካርቱም ያሉ የቴሌኮም የመረጃ ማዕከላት ሥራ ሲያቆሙ፣ በወቅቱ ከውጊያው ርቃ የነበረችው ፖርት ሱዳን ሳትቀር የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦባት ነበር። ማማውና ስልኩ በቦታቸው ነበሩ፤ የጠፋው ሁሉም ያልፍበት የነበረው ማዕከል ነው። ኔትወርክን ጠንካራ የሚያደርገው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ሌላ መንገድ ያለው መሆኑ ነው።

ይህን የተረዳ ትምህርት ቤት መንገዱን ያሳጥራል። መተማ አካባቢ ባሉት በገንዳ ውሃም ሆነ በቋራ፣ አንድ ስዊች፣ ጥቂት ኬብልና እንደ ሰርቨር የሚያገለግል አንድ ኮምፒውተር ካለ፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ኔትወርክ አለ። ኪዊክስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ሰርቨሩ ላይ አስቀምጦ ለክፍሉ ሁሉ ማዳረስ ይቻላል። «የተቀመጠ መረጃ ያረጃል» ለሚለው መልሱ ቀላል ነው፦ የሒሳብም ሆነ የፊዚክስ መማሪያ በየቀኑ አይለወጥም፤ መስመር ሲገኝም ይታደሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጥቂት ላፕቶፖችና አንድ ትንሽ ስዊች በአነስተኛ የፀሐይ ኃይል ሊሠሩ ይችላሉ። ይህ ኢንተርኔትን አይተካም፤ ተማሪው ግን አድራሻ መስጠትን፣ ፒንግ በሚባለው ትእዛዝ ግንኙነትን መፈተሽን፣ ብልሽት ፈልጎ ማግኘትን በእጁ ይማራል። ስለዚህ የኮምፒውተር መምህራን ሆይ፣ መስመር እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ሁለት ኮምፒውተሮችን በአንድ ኬብል አገናኙና ትምህርቱን ጀምሩ።