«አናፈርስም» ያሉ የግንባታ ሠራተኞች

ልደታ ኮንዶሚኒየም ዛሬ በቆመበት መሬት ላይ፣ አብዛኛው የቀበሌ ቤት የሆነ የድሮ ሰፈር ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በመልሶ ማልማት ሲፈርስ ነዋሪው ከፊሉ ዳር ከተማ ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች፣ ከፊሉ ወደ ሌላ ቀበሌ ቤት ተበተነ። ለዓመታት አብሮ ሲያለቅስና ሲቀብር የኖረው እድርተኛም ተለያየ። ቤቶቹ አርጅተው ነበርና መታደስ ያስፈልጋቸው ነበር። ሰፈሩ ይፍረስ ወይስ ይታደስ የሚለው ውሳኔ ግን በነዋሪው እጅ አልነበረም።

እንዲህ ያለውን ውሳኔ ለነዋሪው ለማስመለስ የታገለ አንድ የሠራተኛ ማኅበር በአውስትራሊያ ነበር። የትግሉ ስልት «አረንጓዴ እገዳ» ይባላል። ነዋሪው የማይፈልገውን ግንባታ ሠራተኛው አልሠራም ይላል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 በሲድኒ ከተማ 13 ሴቶች ኬሊስ ቡሽ የተባለውን የሰፈራቸውን ጫካ ከቤት ገንቢ ኩባንያ ለማትረፍ ባለሥልጣናትን ደጅ ጠንተው አልሆነላቸውም። በመጨረሻ በጃክ መንዴይ ይመራ ወደነበረው የኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር ሄዱ። ማኅበሩ መጀመሪያ ስብሰባ ተጠርቶ የሰፈሩ ሰው ፍላጎት እንዲታወቅ ጠየቀ። ሕዝቡ ሲደግፍ እገዳው ተጣለ። ኩባንያው የማኅበር አባል ያልሆኑ ሠራተኞችን አመጣለሁ ቢል፣ በሌላ ሕንጻው ላይ የሚሠሩት አባላት አንድ ዛፍ ከተቆረጠ ያን ሕንጻ እንደማይጨርሱት አስታወቁ። ጫካው ዛሬም አለ።

እስከ 1974 ድረስ ከ40 በላይ እገዳዎች ተጥለዋል። ዘ ሮክስና ውሉሙሉ የተባሉት የድሃ ሠራተኛ ሰፈሮች ለቢሮ ፎቆች ሲባል ከመፍረስ ተርፈዋል። የመንዴይ ክርክር ግልጽ ነበር፤ ደመወዝ ቢጨመር እንኳ ከተማው ለሰው የማይመች ከሆነ ጭማሪው ለሠራተኛው ምን ይጠቅመዋል? ትግሉ ዋጋም አስከፍሏል። በ1975 የማኅበሩ ፌዴራል አመራር የክፍለ ግዛቱን ቅርንጫፍ ተቆጣጥሮ መሪዎቹን ከአባልነት አባረረ። ሐሳቡ ግን አልተባረረም፤ በ1979 የወጣው የክፍለ ግዛቱ የፕላን ሕግ ሕዝቡ በከተማ ፕላን ላይ አስተያየት እንዲሰጥ መብት ሰጠ።

በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ማቆምን የሚያውቀው ለሥራ ሁኔታ ጥያቄ ነው፤ ሰፈርን ለማትረፍ አይደለም። የሲድኒውን መንገድ እንዳለ መቅዳት አይቻልም። ሆኖም ዶዘር ነድቶ፣ አርማታ ተሸክሞ የሚውለው ሠራተኛ ማታ የሚያድረው ኪራይ በሚረክስበት በዚያው በድሮ ሰፈር ነው፤ ነገ የሚፈርሰው የራሱ ቤት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበራትና እድሮች ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት አብረው ይቀመጡ። ነዋሪው የሚለው ተሰምቶ በጽሑፍ ይቅረብ። ከተማ አስተዳደሩም ሳይመልስለት ዶዘር አያስገባ።