በባንክና በስልክ ገንዘብ ሲላክ ስለሚታለሉ ሰዎች ጥበቃና ካሣ

በድሬዳዋ ከተማ በቀፊራ ገበያ ቆሞ የሚመለከት ሰው፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ ሴቶች እንኳ ዋጋቸውን በስልክ ሲቀበሉ ያያል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና ባንኮችም የስልክ አገልግሎታቸውን ካስፋፉ ወዲህ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ የነበረው ብር ከስልክ ወደ ስልክ የሚሄድ ሆኗል። ይህ ለንግዱ ታላቅ ምቾት ነው፤ ነገር ግን አታላዩም በዚያው መንገድ ተከትሎ መጥቷል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሰው በእንዲህ ያለ ተንኰል ገንዘቡን ባጣ ጊዜ ጉዳቱን ማን ይሸከም? የሚለው ነው።

አስቀድሞ የማታለያውን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል፤ መፍትሔው እንደ ዓይነቱ ይለያያልና። አንደኛው የሐሰት ደረሰኝ ነው። ገዢው «ከፍያለሁ» ብሎ አስመስሎ የሠራውን መልእክት ያሳያል፤ ሻጩም ዕቃውን ያስረክባል። በዚህ ጊዜ ከማንም ሒሳብ የወጣ ገንዘብ ስለሌለ ባንኩ የሚመልሰው የለም፤ ዋናው ጥንቃቄ ገንዘቡ ወደ ራስ ሒሳብ መግባቱን ሳያዩ ዕቃ አለመስጠት ነው። ሁለተኛው፣ አታላዩ የባንክ ሠራተኛ መስሎ ይደውልና የምስጢር ቁጥር ተቀብሎ ራሱ ወደ ሒሳቡ ይገባል። ሦስተኛው ደግሞ «ዕጣ ወጥቶልዎታል፤ ማስፈጸሚያ ይላኩ» እያለ ባለገንዘቡ በገዛ እጁ እንዲልክ ያደርጋል።

የካሣ ክርክር የሚነሣው በኋለኞቹ ሁለቱ ነው። ለባንኩ መሣሪያ ትእዛዙ ትክክለኛ ነው፤ የምስጢር ቁጥሩ ገጥሟልና። ለተበዳዩ ግን ፈቃዱ በተንኰል የተገኘ ነው።

ሕጋችን ስለ አታላዩ ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 692፣ እንዲሁም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አታላይን ይቀጣሉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሀብት የበለጸገ ሰው እንዲክስ ያዝዛል። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ ተበዳዩን የሚያቆሙት ከአታላዩ ፊት ነው። አታላዩ ካልታወቀ፣ ወይም ገንዘቡን በሌላ ከተማ አውጥቶ ከተሰወረ፣ መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

እንግዲህ ዋናው ጉዳይ ጊዜ ነው። ገንዘቡ ከተቀባዩ ሒሳብ ሳይወጣ ከታገደ ይመለሳል፤ ከወጣ በኋላ ግን ፍለጋው ረጅም ነው። ማገድና መከታተል እንደሚቻል በራሳችን አገር ታይቷል። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መሣሪያ ላይ በደረሰ ጉድለት ምክንያት፣ ደንበኞች ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ አወጡ፤ ካወጡትም መካከል ብዙዎቹ እንደ እኛው ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ እያንዳንዱን ዝውውር ተከታትሎ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስም በይፋ አውጥቶ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከሦስት አራተኛው በላይ የሚሆነውን አስመልሷል። በዚያ ጊዜ ተጐጂው ባንኩ ነበር። ይኸው ትጋት ለአንዲት የቀፊራ ነጋዴ ስለምን አይደረግም? ብለን ብንጠይቅ ያለ አግባብ አይመስለንም።

በሌላ አገር የተደረገውን መመልከትም ይጠቅማል። በብሪታንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከጥቅምት 7 ቀን 2024 ጀምሮ፣ በተንኰል ተገፋፍቶ በገዛ እጁ የላከ ሰው እስከ 85,000 ፓውንድ ድረስ እንዲመለስለት ተደንግጓል። ወጪውን የላኪውና የተቀባዩ ባንክ እኩል ይካፈሉታል። የተቀባዩ ባንክ እንዲከፍል መደረጉ ታላቅ ብልኀት ነው፤ ለአታላይ ሒሳብ የከፈተ ባንክ ደንበኛውን አጥብቆ እንዲመረምር ያስገድደዋልና።

«ካሣ ካለ ሰው ቸልተኛ ይሆናል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ተቃውሞው እውነት አለበት፤ ስለዚህም የብሪታንያው ደንብ ከፍተኛ ቸልተኝነት ያሳየውንና ከአታላዩ ጋር የተባበረውን አይክስም። ደግሞም የሰው ሒሳብ በክስ ብቻ ለረጅም ጊዜ ቢታገድ ንጹሑ ይጐዳል፤ እገዳው በሰዓት የተወሰነ መሆን አለበት።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ አቤቱታ በቀረበ ጊዜ የተቀባዩ ሒሳብ ወዲያውኑ፣ በበዓልም ቀን ቢሆን፣ ለጥቂት ሰዓት ይታገድ። ሁለተኛ፣ የብሔራዊ ባንክ በልክ የተወሰነ ካሣ በሁለቱ ባንኮች ላይ የሚደለድል ደንብ ያውጣ። ሦስተኛ፣ ማስጠንቀቂያው በገበያው ቋንቋ ይነገር፤ በድሬዳዋ በኦሮምኛና በሶማልኛም ያልተነገረ ምክር ለእኩሌታው ገበያተኛ እንዳልተነገረ ነው።

ሰው በተታለለ ጊዜ «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል» ማለት ልማዳችን ነው። በዚህ ተረት የተነሣ ብዙው ተበዳይ አፍሮ ዝም ይላል፤ ዝም ባለበት ሰዓትም ገንዘቡ ይወጣል። ሞፈሩን የቈረጠው ግን ሌባው እንጂ ባለቤቱ አይደለም። ለሽንኩርት ነጋዴዋ የጠፋው ብር የነገ ዕቃ መግዣዋ ነው፤ ነገ ካልገዛችም ከገበያው ትወጣለች። ሕግ የሚረዳት ከመውጣቷ በፊት ከደረሰ ብቻ ነው።