መስቀል ስሸጥ የማልሸጠው

መስቀል እሸጣለሁ። የአንገት፣ የእጅ፣ ለክርስትና ስጦታ የሚሆን ከእነ ክሩ የተዘጋጀ ትንሽ የብር መስቀል፤ አንዳንዴም ካህናት ሲያዙኝ የመጾር መስቀል አሠራለሁ። አባቴ አንጥረኛ ነበር። አሁን ፒያሳ ትንሽ ብር ቤት አለችን፤ ወንድሜ ከኋላ ባለችው ክፍል ይሠራል፣ እኔ ከፊት ሆኜ እሸጣለሁ። ዋጋ ተነጋግረን ከጨረስን በኋላ ድንገት ቆም ብሎ፣ “እህቴ፣ ግን መስቀል ይሸጣል እንዴ?” የሚለኝ ደንበኛ ብዙ ነው። አልቀየመውም። እኔን የሚያሳስበኝ ጨርሶ የማይጠይቀው ነው። ጥያቄው መልስ ይገባዋል፤ መልሱ ግን ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው የሚነገር አይደለምና እዚህ ልጻፈው።

በኦርቶዶክሳዊው ልማድ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ካህኑ አንገታቸው ላይ ክር ያስራል። ማዕተቡ ክሩ ነው፤ መስቀሉ የሚንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። ከአያቶቻችን ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያሰሩት ክር ብቻ ነበር፤ ያገኘ የእንጨት ወይም የብረት መስቀል ይጨምርበታል። የብር መስቀል በየአንገቱ የበዛው ጠገራ ብር በሀገሩ ከተሰራጨ በኋላ፣ በተለይ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ጠገራው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ብትሞትም ገንዘቡ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ለብዙ ዘመን ሲመታ ኖረ። አንዱ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከመቶው 83 ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። አንጥረኛ ከዚህ የተሻለ ብር የት ያገኛል? ገንዘቡ ከመገበያያነት ከወጣም በኋላ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ነበረና አባቴ ዘንድ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ጠገራውን ይዞ ይመጣል። አባቴ ያቀልጠዋል፣ በመስፍ ላይ ይቀጠቅጠዋል፣ በሞረድ ያስተካክለዋል፤ ከዚያ የእጁን ዋጋ ብቻ ይቀበላል። ብሩ የደንበኛው ነው፣ ሥራው የአባቴ ነው፣ በረከቱ ደግሞ የማንም ስላልሆነ ዋጋ አይወጣለትም። መስቀሉን ሰውየው ወደ ካህን ወስዶ ያስጸልይበታል፤ ለዚያ አባቴ አንዲት ሳንቲም ጠይቆ አያውቅም።

የእኔ መልስ መነሻው ይህ ነው። የእጅ ዋጋ መቀበል መስቀል መሸጥ አይደለም። ቅዱስ ጴጥሮስ ሲሞን መሠርይን የገሠጸው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እንደምናነበው የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ስለፈለገ ነው። የብረቱንና የድካሙን ዋጋ የከፈለ ሰው ሲሞን አይደለም፤ መስቀሉ ላይ የማላስቀምጠውን ነገር ያስቀመጥሁ መስዬ ገንዘብ ብቀበል ግን ሲሞን እኔው ነኝ።

ስለ አንጥረኛው ከተነሣ የሚቆጨኝን ልናገር። ይህ ሀገር መስቀል የሠራለትን ሰው አላከበረም። ብረት የሚያቀልጥ፣ በወናፍ እሳት የሚያነድ ሁሉ “ቡዳ” ይባል ነበር፤ አጠገቡ ምግብ የማይበላ፣ ልጁን ለልጁ የማይድር ጎረቤት ነበረው። አፄ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። የአባቴ እናት ያንን ስም ሸሽታ ቀዬ ቀይራለች። ከዚያው እጅ የወጣውን መስቀል ግን የሰደበው ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይስመዋል! “መስቀል እንዴት ይሸጣል” ብሎ የሚቆረቆር ሰው፣ መስቀል ሠሪው በምን ይኖር እንደነበር አብሮ ቢያስብልኝ ደስ ይለኛል።

መስቀልና ገንዘብ በእኛ ምድር የተገናኙት ደግሞ ዛሬ አይደለም። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል በገንዘቡ ላይ የነበረውን የጨረቃና የፀሐይ ምልክት አንሥቶ መስቀል አስቀረጸበት። በገንዘባቸው ላይ መስቀልን ካኖሩ የዓለም ነገሥታት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት ነገሥታት ያስመቱት አንዳንድ የመዳብ ገንዘብ ላይማ መስቀሉ በወርቅ ተለብጧል። እስቲ አስቡት፤ ገበያ ላይ ለእህልና ለጨው የሚከፈል ተራ መዳብ ነው፣ መስቀሉ ግን ያበራል። መስቀል ገበያ መግባቱ ብቻውን ያረክሰዋል ቢባል ኖሮ እነዚያ ሰዎች ይህን ባላደረጉም ነበር።

ታዲያ የሚያረክሰው ምንድን ነው? ከሱቄ የማየውን ልናገር።

የመጀመሪያው ምን እንደያዙ አለማወቅ ነው። የኢትዮጵያ መስቀል ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም። የሚጠላለፈው ሐረግ መጀመሪያና መጨረሻ የለውም፤ አባቶች የዘላለም ሕይወት ምልክት ነው ይሉታል። በእጅ መስቀል ግርጌ ያለችውን አራት ማዕዘን አንዳንዶች ታቦት ነው፣ ሌሎች በጎልጎታ ያለው የአዳም መቃብር ነው ብለው ይተረጉሟታል። በመጾር መስቀል ላይ የሚታሰረው ጨርቅ የጌታን መግነዝ ያስታውሳል። በብዙዎቹ መስቀሎቻችን ላይ የተሰቀለው አካል ተቀርጾ አይቆምም፤ መስቀሉ ራሱ የድል ዓርማ ነውና። ይህን ሁሉ ትቶ “የላሊበላ ነው ወይስ የጎንደር?” ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ይበዛል። ስሞቹ በአብዛኛው የገበያ ስሞች ናቸው፤ “የጎንደር” የሚባለው ቅርጽ ሸዋም ትግራይም ይገኛል። እኔም ስሞቹን እጠቀማለሁ፣ ያለዚያ መግባባት አይቻልም። ግን ስሙን ከነገርሁ በኋላ ትርጉሙን ሳልነግር መስቀል አልጠቀልልም። ደንበኛው ቸኩሎ ከሆነም ያቺን ደቂቃ ይታገሠኝ።

ሁለተኛው ውሸት ነው። አንድ አስጎብኚ መጥቶ “እታለም፣ እነዚህን ትንሽ አጥቁሪልኝ፤ ፈረንጅ የሚወደው አሮጌውን ነው” አለኝ። ይህ ልመና ለእኔ ብቻ የቀረበ አይደለም። አዲስ የነሐስ መስቀል በጭስ ይጠለሻል፣ አፈር ውስጥ ይቀበራል፣ በአሲድ ይበላል፣ ከዚያ በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅልሎ “ከገዳም የወጣ ነው” ይባላል። ሰውየውን እንዲህ አልሁት፦ “ወንድሜ፣ ትናንት የተሠራ መስቀል ምን ነውር አለበት? ወንድሜ ሰሙን ቀርጾ፣ በጭቃ ለብዶ፣ ሰሙን አቅልጦ አፍስሶ፣ ነሐሱን ሞልቶ፣ ሻጋታውን ሰብሮ ያወጣው ነው። ይህንኑ ንገርና ሽጠው።” አልተስማማንም፤ ሌላ ሱቅ ሄደ። በመስቀል ላይ የሚዋሽ ሰው ሌላ ምን ይቀረዋል? ደግሞ ውሸቱ ገዢውን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ለአሮጌ መስቀል የሚከፍል ገበያ በተፈጠረ ቁጥር እውነተኛው አሮጌ መስቀል ከቤተ መቅደስ መውጣት ይጀምራል።

ወጥቷልም። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም አፍሮ አይገባ የሚባለው ታላቁ መስቀል ተሰረቀ። የከተማው ሕዝብ የልጅ ያህል አለቀሰለት። መስቀሉ በ25 ሺህ ዶላር ለአንድ የቤልጅየም ሰብሳቢ እንደተሸጠ ተዘገበ፤ ከዓመታት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዛሬ ካህናቱ አውጥተው ሲባርኩበት ሕሙማን ይሰለፉለታል። 25 ሺህ ዶላር የዚህ ዋጋ ነው የሚል ሰው ካለ የላሊበላን ሰው ይጠይቅ።

ከዚያ የከፋውን መቅደላ አይተናል። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ዕቃ በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ አቀረበው፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። መስቀል፣ ጽዋ፣ ብራና፣ ታቦት ሁሉ። ከታቦታቱ 11ዱ ዛሬ በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ተቆልፎባቸው ተቀምጠዋል፤ የእኛ ካህናት ካልሆኑ በቀር የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም። ለዕይታ የማይቀርብ፣ ለጥናት የማይሰጥ ነገር ሙዚየም ምን ያደርግለታል? ኤድንብራ ባለ ቤተ ክርስቲያን የነበረ አንድ ታቦት ግን ቄሱ ቁም ሣጥን ውስጥ አግኝተውት፣ ምንም ሳይጠይቁበት መልሰውት፣ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀብሎታል። እንግዲህ እኔ በምሸጠውና በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፦ የእኔ መስቀል ገና ሰው ይፈልጋል፤ እነዚህ ግን የጸሎት ቤት፣ የሚሳለሟቸው ምእመናን፣ የሚጠብቋቸው ካህናት አሏቸው። ባለቤት ያለውን ነገር መሸጥ አይቻልም።

ሦስተኛው መስቀልን ያለ ቦታው ማኖር ነው። ሽሮ ሜዳ ሸማኔው በጥበብ የሚያወጣው መስቀል ደረት ላይ ሲያርፍ ያምራል፣ ሁሌም ያምራል። አሁን ግን ማሽን ያተመው መስቀል ከታች ጫፍ፣ ጭቃ በሚነካው ቦታ ይመጣል፤ ምንጣፍ ላይ አይቻለሁ፣ የእግር መጥረጊያ ላይም አይቻለሁ። ይህ ጥንቃቄ የእኔ ግትርነት አይደለም። በ427 እ.ኤ.አ. የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ መስቀል እንዳይረገጥ ብሎ በወለል ላይ መቅረጽን በሕግ ከልክሎ ነበር። 

እነዚህን ሁሉ የምለው መስቀሉ ለሚያስሩት ምን እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ከዓረብ አገር የተመለሰች አንዲት ልጅ የተበጠሰ ክሯን ላስቀጥል ብላ መጣች። ሰው ቤት ስትሠራ መስቀሏን በልብሷ ስፌት ውስጥ ሰፍታ ደብቃው እንደኖረች ነገረችኝ። ብሩ ጠቁሯል። “ላጽዳልሽ?” ስላት “ተይው እህቴ፣ ክሩን ብቻ” አለችኝ። ገንዘብ አልተቀበልኋትም፤ ብቀበልም ኃጢአት አልነበረም፣ ግን እጄ እምቢ አለ። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ሊቢያ ውስጥ ወንድሞቻችን በክርስትናቸው ምክንያት በአይሲስ እጅ ሲገደሉ ያየ ሰው ደግሞ አንገት ላይ ያለ ክር ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል። በዚያ ሰሞን ሱቄ የገቡት ወጣቶች ስለ ቅርጽ አልጠየቁም፤ ጠንካራ ክር ነው የፈለጉት። ያንን ክር የሸጥሁበት ጠረጴዛ ላይ የተጠለሸ መስቀል “የጥንት ነው” ብዬ ማስቀመጥ አልችልም።

አንባቢዬ፣ መስቀል ስትገዛ ሳታፍር ጠይቅ፦ ማን ሠራው? ከምን ተሠራ? ብር ነው ወይስ ብር የሚመስል ቅይጥ? አዲስ ነው ወይስ አሮጌ? አዲስ ከሆነ ለሠሪው የሚገባውን ዋጋ ሳትከራከር ክፈል፤ ከዚያ ለካህንህ አሳይተህ አስጸልይበት። አሮጌ ነው ካሉህ ከየት እንደመጣ ሳይነግሩህ አትንካው። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ከውጭ የመጣ ዘመድህም ሻንጣ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ከቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ይያዝ። ከአያትህ ሣጥን የደብር የመጾር መስቀል ወይም ብራና ካገኘህ ወደ እኔ አታምጣው። ለደብሩ መልስ፤ ደብሩ ከጠፋ ለሀገረ ስብከቱ አስረክብ። ፒያሳ ያለችው ሱቄ እንደዚህ ያለ ዕቃ አትገዛም።